ስለ ሕዝብ ደኅንነት ሲባል የታሰረን ሰው ማሠቃየት ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ በሸንጎ ተቀምጦ የሰጠውን ምክር በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ስትሰሙት ትኖራላችሁ። ያ ሸንጎ የተሰበሰበው በጥላቻ ብቻ አልነበረም፤ ሮማውያን መጥተው አገራችንን ያጠፉብናል የሚል ፍርሃትም ነበረበት። ቀያፋ ይህን ፍርሃት መሠረት አድርጎ፣ ሕዝቡ በሙሉ ከሚጠፋ የአንዱ ሰው መሞት የሚሻል መሆኑን ለጉባኤው አስረዳ። ነገሩን እንደ ሒሳብ ለሚመለከተው ሰው ምክሩ ትክክል ይመስላል፤ አንዱን በአንድ ወገን፣ ብዙዎቹን በሌላው ወገን አድርጎ የሚመዝን ሁሉ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ያውቃልና። ነገር ግን በአንዱ ወገን የተቀመጠው ማን እንደ ነበረ ቀያፋ አላወቀም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ምክር ከዓለም ሸንጎዎች ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬ ልንናገር ያሰብነውም ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም ሕዝብ በመረጠው መንግሥት፣ ሕግ በጸናበት አገር፣ ስለ ብዙዎች ደኅንነት ሲባል አንድን የታሰረ ሰው እያሠቃዩ ምስጢር ማውጣት ይገባ እንደ ሆነ ለመመርመር ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። አገር ማስተዳደር ያለ መቻቻልና ያለ ስምምነት የማይሆን ሥራ ነው። በሕዝብ ምክር ቤት አንዱ ወገን ግብሩ ይቀነስ ሲል፣ ሌላው መንገዱ ይሠራ ይላል፤ ሁለቱም ከፈለጉት ጥቂት ጥቂት ትተው በመካከል ይገናኛሉ። ይህ ነውር አይደለም፤ ሰዎች ሳይጋደሉ አብረው የሚኖሩበት ጥበብ ነው። እንዲህ ያለው ስምምነት የሚያምረው ግን እያንዳንዱ የሚተወው የራሱን ድርሻ ስለ ሆነ ነው። የታሰረውን ሰው ገላ ለስምምነት ማቅረብ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ በዚያን ጊዜ የምንተወው የእኛን አይደለምና። የምንሰጠው የሌላውን፣ ያውም በአርአያውና በአምሳሉ የፈጠረውን የእግዚአብሔርን ገንዘብ ነው።

ሁለተኛም ይህን እናስተውል። በንጉሥ ብቻ በሚገዛ አገር ገዢው ግፍ ቢሠራ ሕዝቡ እኛ ምን ሥልጣን አለን ብሎ ያዝን ነበር። ሕዝብ መሪውን በድምፁ በሚሾምበትና በሚሽርበት አገር ግን ይህ ምክንያት ይጠብባል። በዚያ የሚገርፈው እጅ ደመወዙን የሚያገኘው ከሕዝቡ ግብር ነው፤ ትእዛዙን የሚቀበለው ከሕዝቡ ምርጥ ነው፤ የሚገርፈውም በሕዝቡ ስም ነው። ስለዚህ በዲሞክራሲ አገር የሚሠራ ግፍ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ የሚቀር ሸክም አይደለም።

ነገሩ በአሳብ ብቻ እንዳይቀር በታሪክ የታወቀ አንድ ምሳሌ እናንሣ፤ የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፈረንሳይ ሕዝብ በ1789 የሰውን ልጅ መብት ያወጀ ሕዝብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ አገሩ በጀርመን እጅ ወድቃ፣ ልጆቹ ጌስታፖ በሚባለው የምስጢር ፖሊስ ምድር ቤት ውስጥ ተሠቃይተዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገና 10 ዓመት ያህል እንዳለፈ፣ በ1954 በኅዳር ወር ፈረንሳይ ትገዛት በነበረችው በአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት ተነሣ።

በመጋቢት 1956 መንግሥቱ በአልጄሪያ ልዩ ሥልጣን እንዲሰጠው የሕዝብ እንደራሴዎችን ምክር ቤት ጠየቀ። የግራውም የቀኙም ወገን ተባብሮ በ455 ድምፅ ፈቀደ፤ የተቃወሙት 76 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በነሐሴ በአልጀርስ ከተማ፣ ካስባህ በተባለው የዐረቦች ሠፈር፣ የፈረንሳውያን ጽንፈኞች ያጠመዱት ቦምብ ብዙ ሰዎችን በተኙበት ገደለ። በመስከረምም የነጻነቱ ወገን ሰዎች ወጣቶችና ቤተ ሰቦች በሚቀመጡባቸው ቡና ቤቶች ቦምብ አፈነዱ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ሕፃናትም አካላቸው ጎደለ። ከተማው በፍርሃት ተናወጠ። በጥር 1957 መንግሥት የፖሊስን ሥልጣን ጄኔራል ማሱ ለሚያዝዙት የጃንጥላ ወታደሮች አስረከበ። እነርሱም በሌሊት እየገቡ ሰው ሰበሰቡ፤ የተያዙትንም በኤሌክትሪክ፣ በውኃ በማፈንና በማንጠልጠል ይመረምሩ ጀመር።

ምእመናን ሆይ፤ ይህን ስንሰማ ፈጥነን መፍረድ ይቀናናል። ነገር ግን ወደ ፍርድ ከመቸኮላችን በፊት ጥያቄውን በሙሉ ክብደቱ እንቀበለው። ልጇን ይዛ ቡና ቤት የገባችው እናት ምን በደለች? ቦምቡ የት እንደ ተጠመደ የሚያውቅ ሰው ተይዞ በፊታችን ዝም ቢል፣ ሰዓቱም እየሮጠ ቢሄድ፣ ስለ እርሱ ገላ ብለን የእርሷን ልጅ ማስገደል ርኅራኄ ይባላልን? ይህ ጥያቄ የክፉ ሰዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም። ደጋግ ሰዎችም እንቅልፍ ያጡበት ጥያቄ ነው።

በአልጀርስ ይህ ጥያቄ በእውነት የደረሰበት አንድ ሰው ነበር። ስሙ ፖል ቴትዤን ይባላል፤ በከተማው አስተዳደር የፖሊሱን ሥራ የሚቈጣጠር ዋና ጸሐፊ ነበር። በኅዳር 1956 ፈርናን ኢቭቶን የተባለ ሰው በጋዝ ፋብሪካ ቦምብ ሲያስቀምጥ ተያዘ። ቦምቡ ሳይፈነዳ ተገኘ፤ ነገር ግን ሁለተኛ ቦምብ እንዳለ ታወቀ፤ የት እንዳለ ግን አልታወቀም። የፖሊስ ሹማምንት ሰውየውን አሠቃይተው እንዲያናግሩት ፈቃድ ጠየቁ። ቴትዤን እንቢ አለ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እየተንቀጠቀጠ እንደ ዋለ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ሁለተኛው ቦምብ አልፈነዳም።

ቦምቡ ስላልፈነዳ ብቻ ቴትዤን ትክክል ነበረ ልንል አንወድም። ቢፈነዳስ ኖሮ? እርሱም የተንቀጠቀጠው ይህን ስላሰበ ነው። ጽድቅ ዋጋዋ የሚታወቀው በውጤቷ ቢሆን ኖሮ፣ ሰማዕታት ሁሉ የተሳሳቱ ሰዎች በሆኑ ነበር። እርሱ ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን ናንሲ በተባለው ከተማ በጌስታፖ እጅ ወድቆ ራሱ ተሠቃይቷልና። በመጋቢት 1957 ለአገረ ገዢው በጻፈው የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ በራሱ ገላ ላይ የደረሰውን የግፍ ምልክት አሁን በእስረኞች ገላ ላይ እንዳየው አስታወቀ።

በኢቭቶን ነገር ሌላም የሚያሳዝን ትምህርት አለ። ቴትዤን ቢከለክልም ኢቭቶን በፖሊስ እጅ እንደ ተሠቃየ ተናግሯል፤ ማንንም ያልገደለው ያ ሰው በየካቲት 1957 በሞት ተቀጣ። እንግዲህ ግርፋት አንድ ጊዜ እንደ ሥራ መሣሪያ ከተቈጠረ፣ የአለቃ እንቢታ እንኳ ሊያግደው እንደሚያስቸግር ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ጥያቄው መልስ እንምጣ። የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ የሚሠቃይ ምላስ የሚናገረው ሥቃዩን የሚያስቆመውን ቃል ነው፤ ያ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ከዘመናችን ምሳሌ አለ። በ2001 መጨረሻ ተይዞ በአሜሪካኖች እጅ የገባ ኢብን አል ሼኽ አል ሊቢ የተባለ ሰው ወደ ግብጽ ተላልፎ በተሠቃየ ጊዜ፣ ኢራቅ የእርሱን ወገኖች በመርዝ መሣሪያ አሠልጥናለች ብሎ ተናገረ። ቃሉም በየካቲት 2003 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት እንደ ማስረጃ ቀረበ፤ በሚቀጥለው ወር ጦርነት ተጀመረ። ሰውየው በኋላ ቃሉን ፈጠራ ነው ብሎ ሻረው። የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ በታኅሣሥ 2014 ባወጣው መግለጫም፣ በምስጢር ተይዘው ከነበሩት 119 ሰዎች መካከል ቢያንስ 26ቱ ያለ አግባብ የተያዙ እንደ ነበሩ ገልጧል። አንዱን ቦምብ ለማግኘት የተከፈተ በር ለሐሰት ቃልም ለንጹሕ ሰውም የተከፈተ በር ሆነ።

ሁለተኛው መልስ፣ ለአንድ ቀን ተብሎ የተፈቀደው ነገር ለአንድ ቀን ብቻ አይቀርም። ሰው ቦምቡን ስለሚያውቀው አንድ እስረኛ ይከራከራል፤ ወታደሩ ግን ከመቶ እስረኞች ማን ምን እንደሚያውቅ አያውቅም። ስለዚህ ሊያውቅ የሚችለውን ሁሉ፣ ቀጥሎም የሚያውቀውን ሰው ሊያውቅ የሚችለውን ሁሉ ይመረምራል። በአልጀርስ የሆነው ይህ ነው። ቴትዤን በ1957 በመስከረም ሥራውን ጨርሶ ሲለቅ፣ ከተያዙት መካከል የ3,024 ሰዎች አድራሻ እንደ ጠፋ ቈጥሮ ነበር።

ሦስተኛው መልስ፣ ግርፋት ያለ ሐሰት መኖር አይችልም። በሰኔ 1957 ሞሪስ ኦዳን የተባለ የ25 ዓመት የሒሳብ መምህር በወታደሮች ተወሰደ፤ ባለሥልጣኖች አመለጠ አሉ። በመጋቢት አሊ ቡመንጄል የተባለ የሕግ ጠበቃ በእስር ቤት ሞተ፤ ራሱን ገደለ አሉ። ሚስቶቻቸው ስለ እውነቱ ሲጮኹ አረጁ። የፈረንሳይ መንግሥት ኦዳን በሥርዓቱ በተፈቀደ ግፍ እንደ ሞተ ያመነው በ2018 ነው፤ ቡመንጄል ተሠቃይቶ እንደ ተገደለ ያመነው በ2021 ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን ያ ንጋት እስኪጠራ 60 ዓመት ያህል መጨለሙን አንርሳ።

ይህ ሁሉ ጥቅም አላመጣም ወይ የሚል ይኖራል። ለከተማው ጸጥታ ለጊዜው አምጥቷል፤ በ1957 መጨረሻ የቦምቡ ሥራ ተቋርጧል። ነገር ግን የተገረፈው ሰው ወንድሞችና ልጆች ከዚያ ወዲያ ወደ ፈረንሳይ ፊታቸውን አልመለሱም፤ በ1962 አልጄሪያ ነጻ ወጣች። ለፈረንሳይም ሌላ ዕዳ መጣባት። ጉድጓድ ስትቈፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውምና የሚለው የአባቶች ቃል ተፈጸመ። ከሕግ በላይ መሥራት የለመደው ጦር በግንቦት 1958 በአልጀርስ በመረጠው መንግሥት ላይ ተነሣ፤ የዐመፁን ኮሚቴ የመሩትም እኒሁ ጄኔራል ማሱ ነበሩ፤ ሪፐብሊኩም ወደቀ። በሚያዝያ 1961 ደግሞ ሌሎች ጄኔራሎች እንደ ገና ዐመፁ። ለጠላት ተብሎ የተፈታ የሕግ ልጓም ወደ ባለቤቱ ዞረ። ጄኔራል ማሱ በሸመገሉ ጊዜ፣ በ2000፣ ማሠቃየት ለጦርነት የግድ እንዳልነበረና ያለ እርሱም ሊሠራ ይቻል እንደ ነበር አምነዋል። እንዲህ ያለ ምስክርነት ከእርሳቸው አፍ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው።

አንዳንድ ጠቢባን ደግሞ እንዲህ ይላሉ፤ መሪ የሆነ ሰው እጁ ሳይቈሽሽ አገር አያድንም፤ ስለዚህ ያድርገው፣ ከዚያም ይጸጸት። ይህ አነጋገር የትሕትና መልክ ስላለው ልብን ይማርካል። እኛ ግን ንስሐ ምን እንደ ሆነች እናውቃለን። ዳዊት በኦርዮ ላይ የሠራው ኃጢአት በነቢዩ ናታን በተገለጠለት ጊዜ፣ ስለ መንግሥቴ ነው ሳይል በደሉን አመነ። ነገ እበድላለሁ፣ ከነገ ወዲያም እናዘዛለሁ ብሎ አስቀድሞ የሚያቅድ ሰው ግን ንስሐን ለኃጢአቱ መሸፈኛ አድርጓታል። በአልጄሪያ የሆነውን ተመልከቱ፤ ጦርነቱ እንዳለቀ በ1962 የምሕረት ዐዋጅ ወጣ፤ ያሠቃዩት በፍርድ ፊት ሳይቀርቡ ቀሩ። በደሉን ያላመነ መንግሥት፣ በደለኛውን ራሱ ማረ። የተበደለውን የጠየቀው ማንም አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ መልስ የሚበልጠው መልስ ግን በጌታችን ሕማም ውስጥ ይገኛል። ጲላጦስ ጌታን ከመረመረ በኋላ ለሞት የሚያበቃ በደል እንዳላገኘበት ተናግሯል። እንግዲያስ ስለ ምን አስገረፈው? ሕዝቡን በጥቂት ለማስደሰትና ከሞት ለማዳን ብሎ ነው። ይህን በጥንቃቄ እናስብ። ያ ግርፋት የፖለቲካ ስምምነት ነበር፤ ትልቁን ክፋት ለማስቀረት የተመረጠ ትንሽ ክፋት ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ደም ባየ ጊዜ አልረካም፤ ጲላጦስም አንድ ጊዜ ንጹሑን ካስገረፈ በኋላ መቆሚያ አላገኘም፤ ከዓምዱ ወደ መስቀሉ ሄደ። በመጨረሻ ውኃ አስመጥቶ እጁን ታጠበ። የታጠበው እጅ ስም ግን እስከ ዛሬ በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ይጠራል።

እንግዲህ በዚያ በጨለማው የመመርመሪያ ክፍል ውስጥ ጌታ ወዴት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ከታሰረው ጋር ነው የሚል ነው። የታሰረው ንጹሕ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ወንጀለኛም ቢሆን ነው። በደለኛ በሕግ ፊት ቀርቦ ይፈረድበት፣ ይቀጣ፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን አልከለከለችም። ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም በተያዘ ጊዜ፣ የሮማው ሻለቃ በግርፋት እንዲመረመር አዝዞ ነበር፤ ሐዋርያው ግን ያለ ፍርድ መገረፉ በሕግ የተፈቀደ መሆኑን ጠየቀ፤ ሊገርፉት የመጡትም ፈርተው ተመለሱ። ሕግ ለደካማው ጋሻ ነው፤ ጋሻ ደግሞ የሚያስፈልገው በጦር ቀን ነው እንጂ በሰላም ቀን አይደለም።

እምቢ ማለት የሚቻል መሆኑን የሚያሳይ አንድ ሰው እንጨምር። ጄኔራል ዣክ ፓሪ ደ ቦላርዲየር በ1941 በኤርትራ ግንባር ከነጻው የፈረንሳይ ጦር ጋር ሆነው የፋሺስት ኢጣልያን ጦር የተዋጉ፣ በጀግንነታቸው የተሸለሙ መኮንን ነበሩ። በመጋቢት 1957 በአልጄሪያ የሚሠራውን የምርመራ ግፍ አልቀበልም ብለው ከአዛዥነታቸው እንዲነሡ ጠየቁ፤ አሳባቸውንም በግልጥ ስላስታወቁ 60 ቀን በምሽግ ታሰሩ። ሹመታቸውን አጡ፤ ነገር ግን ታሪክ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሣው በዚያ እስራት ምክንያት በክብር ነው። እርሳቸው ፈሪ አልነበሩም፤ ቦምብ የሚያፈነዱትንም አልወደዱም። ጠላትን መዋጋትና የታሰረን ማሠቃየት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን ያውቁ ነበር።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው ብለን ራዲዮውን ዘግተን እንዳንተኛ። ወፌ ላላ የሚለው ስም በቋንቋችን ውስጥ የገባው ከፈረንሳይ አይደለም፤ የእኛው ወንድሞች በእኛው ወንድሞች ላይ ከሠሩት ነው። አገራችን ማሠቃየትን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ1994 ተቀብላለች፤ ያ ስምምነት ጦርነትንም ሆነ ሌላ ማናቸውንም አስጨናቂ ጊዜ ለማሠቃየት ምክንያት አያደርግም። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ብቻውን አይቆምም፤ የሚቆመው በሰዎች ልብ ላይ ነው።

ስለዚህ ወታደርና ፖሊስ የሆናችሁ፣ ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ የሰጣቸውን መልስ አስቡ፤ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩና በሐሰት እንዳይከስሱ አዘዛቸው። ዳኛ የሆናችሁ፣ በፊታችሁ የቀረበው ቃል ከየት እንደ መጣ፣ የተናገረውም ሰው እጁና እግሩ ደኅና እንደ ሆነ ጠይቁ። ሥልጣን የሌለንም ሁላችን፣ ስለ አንድ እስረኛ ሲወራ ሳያጠፋ አይዙትም ብለን የምናልፈውን ልማድ እንተው። ያች ትንሽ ቃል የጲላጦስ ውኃ ናት፤ በየቤታችን በየቀኑ እንታጠብባታለን። ድምፅ የምንሰጥ ስንሆንም፣ ደኅንነታችሁን በማናቸውም መንገድ አስጠብቃለሁ የሚለንን ሰው፣ ማናቸውም መንገድ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እንጠይቀው። እኛ ካልጠየቅነው፣ ኋላ በእግዚአብሔር ፊት የምንጠየቀው እኛው ነን።

ያለ ፍርሃት የምንኖርበት ቀን ይመጣል ብለን ተስፋ አንሰጣችሁም፤ ቴትዤንም ያን ከሰዓት በኋላ እየፈራ ነው የዋለው። ፍርሃት ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚሆነው ፍርሃታችንን በታሰረው ሰው ገላ ላይ ስናራግፈው ነው።

በዓምድ ታስሮ ስለ እኛ የተገረፈው መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በጨለማ ያሉትን እስረኞች ያስብ፤ የሚያሠቃዩትን እጆች ይመልስ፤ ለመሪዎቻችን ማስተዋልን፣ ለእኛም እንቢ የምንልበትን ብርታት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።